ጧሪ ቀባሪ ላጣ ሰው፦ ከደጀ ሰላም እስከ መጠለያ ቤት



ባለፈው ክረምት፣ በነሐሴ ወር፣ ወደ ገበያ ስሄድ በማልፍበት ቤተ ክርስቲያን ደጅ ትቀመጥ የነበረች አንዲት እናት ሌሊቱን በብርድ ሞታ አደረች። የደብረ ማርቆስን የነሐሴ ሌሊት ታውቁታላችሁ። ከጮቄ የሚወርደው ብርድ በጋቢ ተሸፍኖ ቤት ውስጥ ለተኛም አይመችም። እሷ የነበራት አንድ ያረጀ ነጠላና አንድ ጆንያ ነበር።

ማልደን የደረስነው ጥቂት ሰዎች ገንዘብ አዋጥተን መግነዝና ሰሌን ገዛን። ለፍታቱ ሲደርስ ቄሱ «ስመ ክርስትናዋ ማን ነው?» ብለው ጠየቁ። ከቆምነው ሁሉ የሚያውቅ አልነበረም። ስመ ክርስትናው ይቅርና የቤት ስሟን የሚናገር ጠፋ። ቄሱ ትንሽ ዝም ብለው «እግዚአብሔር ያውቀዋል» አሉና ጸሎታቸውን ቀጠሉ።

እኔ ለዚህች እናት ስድስት ዓመት ያህል፣ ወር በገባ በ21፣ ዳቦ ሰጥቻታለሁ። እሷም «እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጆችሽን ያሳድግልሽ» ብላ መርቃኛለች። አንድ ቀን እንኳ «እማማ፣ ስምዎት ማን ነው?» ብዬ አልጠየቅኋትም።

በመስከረሙ ስብሰባችን ይህን ሳነሳ የሆነውን ታስታውሳላችሁ። አንዷ እህታችን «እንደ ማኅበር አንድ ነገር እናድርግ» አለች። ሌላዋ ደግሞ «ገንዘባችን የቁጠባ ነው፣ ደንባችንም ለአባላት ብቻ ይላል» አለች። ሁለቱም እውነት ተናግረዋል። ውሳኔው ለሚቀጥለው ስብሰባ ሲተላለፍ ሰብሳቢያችን «አንቺ ታሪክ ስታስተምሪ ኖረሻልና፣ ከእኛ በፊት ሌሎች ይህን ነገር እንዴት እንደያዙት ጻፊልን» አሉኝ። ይህ ጽሑፍ የዚያ መልስ ነው። የፈረንጆችን ዘመን የጠቀስኩበት ቦታ እ.ኤ.አ. ብዬዋለሁ፤ የቀረው በእኛ አቆጣጠር ነው።

ደጀ ሰላሙ ምን ይሰጥ ነበር?

በእኛ አገር ለማኝ የሚጠራበት አንድ ስም አለ፤ «የኔ ብጤ» ይባላል። እንደ እኔው ያለ፣ እኩያዬ ማለት ነው። ስሙን ያወጡት ሰዎች ዛሬ ሰጪ የሆነ ነገ ተቀባይ ሊሆን እንደሚችል ያወቁ ነበሩ።

አባቶቻችንና እናቶቻችን ለድሃው የሠሩለት ሥርዓት ቀላል አልነበረም። በየሰንበቱ ሰንበቴ አለ። በየወሩ የጽዋ ማኅበርና ዝክር አለ። ሰው ሲሞት ተዝካር አለ። በነዚህ ሁሉ ነዳያን ድርሻ ነበራቸው፤ ሳይጠሩ ቢመጡም አይባረሩም። ፍትሐ ነገሥቱም ስለ ምጽዋት ራሱን የቻለ አንቀጽ አለው።

ጎጃም ደግሞ የቆሎ ተማሪ አገር ነው። ከዲማ ጊዮርጊስ፣ ከደብረ ኤልያስ፣ ከዋሸራ ጉባኤ ቤቶች የሚወጡት ልጆች አኮፋዳቸውን አንግተው፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ በየደጁ ቁራሽ ለምነው ቅኔና ዜማ ይማሩ ነበር። ውሻው እየጮኸባቸው፣ እናቶች እየወጡ ሲሰጧቸው፣ የዚህን አገር ሊቃውንት ያሳደገው የሴቶች ሞሰብ መሆኑን ማንም በመጽሐፍ አልጻፈውም። ግን እውነቱ ይኸው ነው።

ይህ ሥርዓት የሚሠራው ግን ሰው ከሚታወቅበት አገር ሳይርቅ ነው። የገጠሩ ድሃ የእገሌ ልጅ፣ የእገሊት እህት ነው። በደጀ ሰላሙ ቁራሽ ቢቀበልም ማታ የሚገባበት የዘመድ ጎጆ፣ ቢያንስ የአንድ ሰው የከብት በረት አያጣም። ከተማ ሲመጣ ግን ዘመድም ጎጆም የለም። ደጀ ሰላም ርሃብን ያስታግሣል፤ ዝናብ ግን አያስጥልም። መጠለያ፣ ሕክምና፣ አስታማሚ፣ ቀባሪ ከደጀ ሰላሙ አቅም በላይ ናቸው።

እድር ይህን ጉድለት በከፊል ሞልቶታል። እድር ያለው ሰው ሞቶም ሰው አለው፤ ድንኳኑ ይተከላል፣ ለቀስተኛው ይቀመጣል። ነገር ግን እድር የሚቀብረው የከፈለውን ነው። ቤት የሌለው ሰው እድር የለውም።

ሥርዓቱ የተሰበረበት ጊዜ

ደብረ ማርቆስ ራሷ ወጣት ከተማ ናት። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ደጃዝማች ተድላ ጓሉ የተቀመጡባት መንቆረር ነበረች። በኋላ በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘመን በቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ስም ተጠራች። ንጉሡ በ1873 የጎጃምና የከፋ ንጉሥ ተብለው ከነገሡ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን አገሩን ሁለት መከራ በአንድ ጊዜ ደረሰበት።

አንደኛው የጦር መከራ ነው። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ከምኒልክ ጋር ተስማሙ ተብሎ በ1881 የአጼ ዮሐንስ ሠራዊት ጎጃምን አጠፋ። ሁለተኛው «ክፉ ቀን» የምንለው ነው። በምጽዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ በሬውን ጨረሰው። በሬ ከሌለ እርሻ የለም። ከ1880 እስከ 1884 በቆየው ርሃብ በመላው ኢትዮጵያ ስንት ሰው እንዳለቀ አያቶቻችን ሲያወሩ ይንቀጠቀጡ ነበር። አጼ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፍረዋል የሚባለው በዚያ ጊዜ ነው።

በክፉ ቀን የኔ ብጤ የሚለው ስም እውነት ሆነ፤ ሰጪው ሁሉ ተቀባይ ሆነ። ሰው ቀየውን እየለቀቀ ወደ መንገድ ወጣ። ዘመድም ደጀ ሰላምም አልበቃ አለ። ከዚያ ወዲህ በ1966ም፣ በ1977ም፣ ቅርብ ባየናቸው የመፈናቀል ዓመታትም ያው ነው የሆነው። ሰው ከአገሩ ሲነቀል ቁራሽ ብቻ አያድነውም፤ የሚያስፈልገው ቤትና ሰው ነው።

ቤት የሠሩት

ቤት የመሥራቱ ሐሳብ ለክርስትና እንግዳ አይደለም። በቅዳሴያችን ስሙን የምንሰማው ባስልዮስ በቂሳርያ ይኖር የነበረ አባት ነው፤ አገሩ ዛሬ ቱርክ በምንለው ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ368 ግድም በአገሩ ርሃብ በገባ ጊዜ ባለጸጎችን ገሥጾ ጎተራቸውን አስከፈተ። በኋላም ጳጳስ ሲሆን ከከተማው ወጣ ብሎ ለመንገደኞች ማደሪያ፣ ለበሽተኞች ማስታመሚያ፣ ሰው ለሚሸሻቸው የሥጋ ደዌ ሕሙማን መኖሪያ ሠራ።

ከእሱ ይልቅ ለእኛ የምትቀርበን ግን ታላቅ እህቱ ማክሪና ናት። በዚያው የርሃብ ዘመን በየመንገዱ የወደቁ ሴቶችን እያነሳች ወደ ቤቷ ታስገባ ነበር። አስታማ፣ አሳድጋ አብራቸው ኖረች። ስትሞት ከሁሉ በላይ ያለቀሱት እነዚያ ሴቶች እንደነበሩ፣ እናታችንና አሳዳጊያችን እያሉ እንደጠሯት ታናሽ ወንድሟ ጎርጎርዮስ ጽፎልናል። ባስልዮስ ብዙ ሕንፃ ሠራ፤ ማክሪና ያላትን ቤት ከፈተች።

ወደ እኛ ዘመን ስንመጣ፣ አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ ያለውንና ሕዝቡ «ማዘር ትሬዛ» የሚለውን ቤት ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። እማሆይ ቴሬዛ እ.ኤ.አ. በ1910 ስኮፕዬ በምትባል የመቄዶንያ ከተማ ተወለዱ። በህንድ አገር ካልካታ መምህርት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1950 የራሳቸውን የመነኮሳይያት ማኅበር አቋቋሙ፤ በ1952 ደግሞ መንገድ ላይ ወድቀው የሚሞቱ ሰዎች ቢያንስ አልጋ ላይ፣ እጃቸውን የሚይዝ ሰው አግኝተው እንዲሞቱ የመጀመሪያውን ቤት ከፈቱ። ወደ ኢትዮጵያ የመጡት እ.ኤ.አ. በ1973፣ የወሎው ርሃብ በነበረበት ጊዜ ነው። ነጭ ልብስ በሰማያዊ ጥለት የሚለብሱት እህቶች የካቶሊክ መነኮሳይያት ናቸው፤ ነገር ግን የሚያነሱትን ሰው ሃይማኖቱን አይጠይቁትም።

በ1977ቱ ርሃብ እማሆይ ቴሬዛ እንደገና መጥተው ነበር። ያኔ አዲስ አበባ ያገኛቸው አየርላንዳዊው ዘፋኝ ቦብ ጌልዶፍ በመጽሐፉ እንደሚተርከው፣ በመንገድ ላይ ባዶ ትልልቅ ቤቶች አይተው፣ ወላጅ ላጡ ልጆች እንዲሰጧቸው ባለሥልጣኑን እዚያው በካሜራ ፊት ጠየቁት። ለራስ ሲሆን መለመን ያሳፍራል፤ ለሌላ ሲሆን ግን ማፈር እንደማይገባ ከዚህ እንማራለን።

ሥራቸው ነቀፌታም አላጣውም። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት አዘጋጅ እ.ኤ.አ. በ1994 የካልካታውን ቤት ጎብኝቶ፣ ሊድን የሚችለው በሽተኛ ሊሞት ከተቃረበው በወጉ እንደማይለይ፣ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻም እንደሌለ ጽፏል። ይህን የምጠቅሰው ለማጣጣል ሳይሆን ስለሚጠቅመን ነው። ርኅራኄ ዕውቀት ካልታከለበት ሊድን የሚችለውን ሰው ያስቀራል።

ከእኛው መካከል ደግሞ ክብርት ዶክተር አበበች ጎበና አሉ። የተወለዱት በሰሜን ሸዋ ነው። አባታቸው ገና በሕፃንነታቸው በጣሊያን ጦርነት ሞቱ። በአሥር ዓመታቸው ሲድሯቸው ጠፍተው አዲስ አበባ ገቡ። ከእኛ ውስጥ ይህን ታሪክ የራሷ ታሪክ አድርጋ የምታነብ እንዳለች አውቃለሁ።

ወይዘሮ አበበች እ.ኤ.አ. በ1980 ለግሸን ማርያም ሳለሚነት ወደ ወሎ ሄዱ። በዚያ ርሃብ ነበር። የሞተች እናቷ አጠገብ ያለች ሕፃን አዩ። የያዙትን ዳቦና ጠበል አከፋፍለው፣ ሕፃኗንና ሌላ ወላጅ የሞተበትን ልጅ ይዘው አዲስ አበባ ተመለሱ። ዓመት ሳይሞላ ልጆቹ 21 ሆኑ። ባላቸውና ዘመዶቻቸው «አብደሻል» አሏቸው፤ ወይ ልጆቹን ወይ ቤትሽን ምረጪ ተባሉ። ልጆቹን መረጡ። እንጀራ እየጋገሩ፣ ቆሎ እየሸጡ አሳደጓቸው። ያ ጅምር በስማቸው የሚጠራ ትልቅ የሕፃናት ክብካቤና የልማት ማኅበር ሆነ። በ2013 ሲያርፉ አገር አለቀሰላቸው።

ሦስተኛው መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ነው። በ2002 አቶ ቢኒያም በለጠ ጥቂት ሰዎችን ከመንገድ አንስቶ በቤተሰቡ ቤት በማስጠጋት ጀመረው። ስሙ የተወሰደው ከሐዋርያት ሥራ ነው፤ ለቅዱስ ጳውሎስ በራእይ የታየው የመቄዶንያ ሰው መጥተህ እርዳን ብሎ የጠራበት ታሪክ። ዛሬ በሺዎች የሚቆጠሩ አረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን በማዕከሉ ይኖራሉ። መፈክራቸውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው የሚለው ነው።

እነዚህ ቤቶች የሚሰጡት ምንድን ነው?

ከሩቅ ለሚያይ ምግብና አልጋ ይመስላል። ቀርቦ ላየ ግን ሥራው የሚጀምረው ከዚያ በፊት ነው።

መጀመሪያ ገላ ማጠብ ነው። ለዓመታት ውሃ ያልነካውን ሰው ጠጉሩን ላጭቶ፣ ቁስሉን አጥቦ፣ ንጹሕ ልብስ ማልበስ። ያለ ፈቃዱ የሚጎትቱት ሰው ስለማይሆን ማባበልና መታገሥም የሥራው ክፍል ነው። ቀጥሎ ስሙን ጠይቆ መመዝገብ ነው። ከየት አገር ነህ? ዘመድ አለህ? ብሎ መጠየቅ። አንዳንዱ በዚህ ብቻ ወደ ቤተሰቡ ይመለሳል፤ ቤተሰቡ ሞቷል ብሎ ተዝካር አውጥቶለት የኖረ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ሕክምና ይመጣል። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ወራት ይወስዳል፤ መሐል ላይ ከተቋረጠ በሽታው ይበረታል። ጎዳና ላይ ያለ ሰው መድኃኒቱን የት ያስቀምጠዋል? በባዶ ሆድስ እንዴት ይውጠዋል? የአእምሮ ሕመምም እንዲሁ ነው፤ መድኃኒቱ በሰዓቱ መወሰዱን የሚያይ ሰው ይፈልጋል። በጎዳና የተተወው ሕመምተኛ ብዙ ጊዜ መድኃኒት ሳይሆን አስታዋሽ ያጣ ነው።

የመጨረሻው ቀብር ነው። ጌታ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 የቆጠራቸው ስድስት ናቸው፤ የተራበ፣ የተጠማ፣ እንግዳ፣ የታረዘ፣ የታመመ፣ የታሰረ። የጦቢትን መጽሐፍ ያነበበ ደግሞ ሰባተኛውን ያውቃል። ጦቢት በስደት አገር ሳለ በመንገድ የተጣሉ ሬሳዎችን እያነሳ ይቀብር ነበር፤ በዚህም ንብረቱን አጥቷል። ጧሪ ቀባሪ ብለን ሁለቱን አንድ ላይ የምንጠራው ያለ ምክንያት አይደለም።

ይህ ሁሉ ሲደመር፣ ደጀ ሰላሙ ከሚሰጠው የሚለየው በገንዘብ ብዛት አይደለም። ምጽዋት የሰጪውን ቀን ይጠብቃል፤ በ21 ነው፣ በ12 ነው፣ በሰንበት ነው። እነዚህ ቤቶች የተቀባዩን ቀን ይጠብቃሉ። ሰው የሚራበውና የሚታመመው በየቀኑ ነው። እኔ የራሴን 21 ጠበቅኩ እንጂ የእሷን ሌሊት አልጠበቅኩም።

እኛስ?

እህቶቼ፣ መጠለያ ቤት እንሥራ አልልም። የወር መዋጯችን ምን ያህል እንደሆነ አውቃለሁ። ገንዘቡም የእያንዳንዳችን ላብ ነው፤ ለልጅ ትምህርት፣ ለኪራይ፣ ለክፉ ቀን ያስቀመጥነው። «ደንባችን ለአባላት ነው» ያለችው እህት ልክ ናት፤ ቁጠባው አይነካ።

ደግሞም ይህ ቁጠባ ራሱ መጠለያ መሆኑን አንርሳ። ሁለት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ባሏ የሞተባት አንዲት አባላችን የቤት ኪራይ አቅቷት ልጆቿን ይዛ ልትወጣ ስትል ከሣጥኑ ባበደርናት ገንዘብ ከቤቷ ሳትነቀል ቀረች። ዛሬ ጠላና አረቄ እየሸጠች ብድሯን ጨርሳለች። ያን ቀን ማኅበሩ ባይኖር የት ትሆን እንደነበር እሷ ራሷ ነግራናለች። ሰው ጎዳና ከወጣ በኋላ ከማንሳት ሳይወጣ መያዝ ይቀላል።

ስለዚህ ገንዘብ የማይጠይቁ ወይም ጥቂት ብቻ የሚጠይቁ አራት ነገሮች አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ መዝገብ። በየሰፈራችን ደጅ የሚያድሩትን ሰዎች ስማቸውን፣ ስመ ክርስትናቸውን ወይም በሃይማኖታቸው የሚጠሩበትን፣ አገራቸውንና ዘመዳቸውን እንጠይቅ። መናገር ካልፈለጉ አናስገድድ። መዝገቡ ከጸሐፊያችን እጅ አይውጣ።

ሁለተኛ፣ ተራ። ሁላችንም በአንድ በዓል ቀን ዳቦ ከምናከማች ሰባቱን ቀናት እንከፋፈል። የበዓል ዳቦ ተርፎ ሲሻግት፣ ማክሰኞ ዕለት የሚበላ ይጠፋል።

ሦስተኛ፣ የታመመውን ማድረስ። ከመካከላችን ሁለቱ ጤና ጣቢያና ሆስፒታል ይሠራሉ። ነፃ ሕክምና እንዴት እንደሚገኝ፣ ከቀበሌ ምን ወረቀት እንደሚያስፈልግ ያስረዱን። አንዲት ሴት ብቻዋን የምትመለስበት በር፣ አምስት ሆነን ስንሄድ ይከፈታል።

አራተኛ፣ መናኸሪያው። ከገጠር ጋብቻ ሸሽተው ወይም ሥራ ፍለጋ የሚመጡ ልጆች ከአውቶቡስ ሲወርዱ መጀመሪያ የሚያገኙት ደላላውን ነው። እዚያ ቡና የምታፈላው እህታችን ዐይኗ ብዙ ያያል። ልጅቱን «ነይ ልጄ፣ ቁጭ በይ» ብላ ለማኅበራችን ብትልክ፣ ለአንድ ሌሊት የምናሳድርበት ቤት በመካከላችን አይጠፋም። ወይዘሮ አበበችም እንዲህ ያለች ልጅ ነበሩ።

ለቀብርም ከእያንዳንዳችን በዓመት የአንድ ቡና ስኒ ዋጋ ቢወጣ መግነዝና ሰሌን ይገዛል። ይህን ከቁጠባው ለይተን በሌላ ሣጥን እንያዘው።

ያችን እናት ከቀበርን በኋላ በቦታዋ ሌላ ሴት ተቀምጣለች። ባለፈው ሳምንት ዳቦ ሳልይዝ ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ስሟን ጠየቅኋት። መጀመሪያ «ለምን ፈለግሽው?» አለችኝ፤ ደግ ጥያቄ ነው። ነገሩን አጫወትኳት። ዝም ብላ ሰምታኝ ስሟንም፣ አገሯንም፣ ቢቸና በኩል ያገባች ልጅ እንዳለቻትም ነገረችኝ። ስሟን እዚህ አልጽፈውም፤ ለመዝገባችን ግን የመጀመሪያው ስም ተገኝቷል።

በሚቀጥለው ስብሰባ ውሳኔው የሁላችንም ነው። ተራው ከጸደቀ ማክሰኞን እኔ እይዛለሁ።